ጄል ሲለጠጥ ውስጡ ያለው ሞለኪውል ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል?

ስለ ሳይንስ በአማርኛ ከምንጨቃጨቅባቸው መድረኮች በአንዱ ላይ ሰሞኑን አንድ የውይይት ክር ተከፍቶ 31 መልስ ደርሷል። ተሳታፊዎቹ አብዛኞቹ ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው ሰፈር የሚማሩ፣ የሚያስተምሩ ወይም ሱቅ ያላቸው ናቸው። እስከ መጨረሻው ያነበበው ሰው ብዙ አይመስለኝም። ረጅም ነው፤ መሃል ላይ ጭራሽ ወደ ዳይፐር ዋጋ ይሄዳል። ውስጡ ያለው ቁም ነገር ግን ሳይነበብ ቢቀር ስለሚያሳዝን በራሴ አነጋገር ላወራው ነው።

ጥያቄውን የለጠፈችው አራት ኪሎ የምትማር የማስተርስ ተማሪ ናት። ለሴሚናር የደረሳት ርዕስ የተለጠጠ ጄል ነው። ጄል ሲባል ረጃጅም የፖሊመር ሰንሰለቶች (ትንንሽ ሞለኪውሎች ተቀጣጥለው የሚሠሯቸው) እዚህም እዚያም ተቋጥረው መረብ ይሠራሉ፤ መረቡ ደግሞ ፈሳሽ ይይዛል። እሷ የያዘችው ፖሊአክሪላማይድን ነው፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ፕሮቲን ለመለየት የሚጠቀሙበት ጥርት ያለ ጄል። ጥያቄዋ አጭር ነው። 3 ሴንቲ ሜትር የነበረ ጄል ተስቦ 12 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ውስጡ ያሉት ሞለኪውሎች ይፈጥናሉ ወይስ ይዘገያሉ? የመረቡ አቋጣጠርስ ለውጥ ያመጣል? የራሷንም ግምት አክላለች። ቀዳዳው ስለሚጠብ ይዘገያሉ ባይ ናት።

1ኛው መልስ ሰላምታው ከሐሳቡ ይረዝማል። ሴሚናሩ እንዲቃናላት መርቆ፣ ግምቷ ልክ እንደሆነ ነግሯት ሄደ። ለምን ልክ እንደሆነ አልጻፈም። 2ኛው ምርቃቱን ዘሎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። የትኛው ሞለኪውል? ሰንሰለቱ ነው ወይስ በሰንሰለቱ መሃል ያለው ውሃ? በእኔ ግምት ክሩን ከተራ ወሬ ያዳነው ይሄ አንድ መስመር ነው። ጠያቂዋ በ3ኛው ሁለቱንም ማወቅ እንደምትፈልግ መለሰች።

4ኛዋ ሽሮ ሜዳ ያደገች ሴት ናት። ነጠላ በሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖቹ ሲሳብ የሽመናው ቀዳዳ በሚሳብበት አቅጣጫ እንደሚረዝም፣ በጎን በኩል ደግሞ እንደሚጠብ አስረዳች። ጄሉም እንዲሁ ነው ብላ ደመደመች። ምሳሌው ዓይን ውስጥ ይገባል። 5ኛው ግን አልማራትም። የነጠላ ክር ሰው ካልነካው ባለበት ይቀመጣል፤ የጄል ሰንሰለት ማንም ሳይነካው በሙቀት ብቻ ቀን ከሌት ይንቀጠቀጣል፣ ይጠቀለላል፣ ይፈታል። ይህን የማይዝ ምሳሌ ልጅቷን ገደል ይከታታል ብሎ ጻፈ። አጻጻፉ ከረር ያለ ነው። ያለው ነገር ግን እውነት ነው። ጎማም ሆነ ጄል ሲለጠጥ ወደ ኋላ የሚጎትተው ይኸው መንቀጥቀጥ ነው። ልቅ የሆነ ሰንሰለት ሊይዛቸው የሚችላቸው ቅርጾች ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ የተወጠረው ግን የሚቀሩለት ጥቂት ናቸው። በሙቀት እየተናጠ ብዙ ቅርጽ ወዳለበት ይመለሳል። መንቀጥቀጡ ቢቆም መጎተቱም አብሮ ይቆማል።

6ኛው መልስ የአንድ ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር ነው። መድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ጸቡን እንዳላዩ አልፈው ታሪክ አመጡ። ጆን ጎፍ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የነበረ እንግሊዛዊ ነው። ጎማን ከንፈሩ ላይ አስነክቶ ድንገት ሲለጥጠው እንደሚሞቅ፣ ሲለቀው ደግሞ እንደሚቀዘቅዝ እ.ኤ.አ. በ1805 ጻፈ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ክብደት የተንጠለጠለበት ጎማ ሲሞቅ እንደሚያጥር ያስተዋለውም እሱ ነው። ጄምስ ጁል በ1859 በጥንቃቄ ለክቶ አረጋገጠለት። ጋሼ ታሪኩን ከጨረሱ በኋላ የቤት ሥራ ሰጡ። እያንዳንዱ ሰው ከጎሚስታ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ለምኖ ራሱ ይሞክረው።

7ኛው የታዘዘውን አደረገ፤ አጻጻፉ ደስ ይላል። አራት ኪሎ አንድ ማኪያቶ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነው። ቁራጩ አንድ ጣት የሚሰፋ ሲሆን ነጩ ዱቄት ገና አልለቀቀውም። ላይኛው ከንፈሩ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ባንዴ ሳበው። ለብ አለው። እንደተወጠረ ያዘው፤ ሙቀቱ እስኪጠፋ ጠበቀ። ከዚያ ሲለቀው ከንፈሩን ቀዘቀዘው። ደግሞ ሞከረው። አስተናጋጇ ሂሳቡን ይዛ ስትመጣ ከንፈሩ በዱቄት ነጥቶ፣ ጎማውን አፉ ላይ እንደያዘ አገኘችው። ብሩን ተቀብላ ምንም ሳትል ሄደች።

8ኛው እሱም ሞክሮ ምንም እንዳልተሰማው፣ ነገሩ ተረት ሳይሆን እንደማይቀር ጻፈ። ጋሼ በ9ኛው በትዕግሥት መለሱ። ቀስ ብሎ ከተሳበ የወጣው ሙቀት ወደ አየሩ ያመልጣል፤ ፍጥነት ያስፈልጋል። 8ኛው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

10ኛዋ ፒያሳ ፀጉር ቤት ያላት ሴት ናት። ለኔ የክሩ ምርጥ ሙከራ የሷ ነው። ብር የሚታሰርበትን ላስቲክ መስታወቱ ላይ ካለው መስቀያ አንጠለጠለች፤ ከታች ግማሽ የቀረው የሻምፑ ጠርሙስ አሰረችበት። የጠርሙሱ ቂጥ የደረሰበትን ቦታ መስታወቱ ላይ በሊፕስቲክ አሰመረች። ከዚያ ላስቲኩን ብቻ በፎን አሞቀችው። ጠርሙሱ ከመስመሩ ከፍ አለ፤ ትንሽ ነው፣ ግን ካስክ ውስጥ የነበሩት ደንበኞች ሳይቀሩ አዩት። ፎኑ ሲጠፋ ቀስ ብሎ ወረደ። ጋሼ ከሥሯ ሂሳቡን ጨመሩ። የመጎተቱ ኃይል ከፍጹም ሙቀት ጋር ተመጣጣኝ ነው። ከ20 ዲግሪ ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወጣ ከ293 ወደ 313 ኬልቪን መሄድ ነው፤ 7 በመቶ ያህል ይጨምራል።

11ኛው ትዕግሥቱ አለቀ። ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ጄል ነው፤ እናንተ ሻምፑ ላይ ናችሁ የሚል መንፈስ ያለው መልስ ነው። እንደ ወቀሳ አይከፋም። 12ኛው ግን ድልድዩን ሠራ። ጎማ ያለ ፈሳሽ የሚቋጠር መረብ ነው፤ ጄል ደግሞ ፈሳሽ የጠጣ መረብ። የሰንሰለቱን መጎተት በቅርጾች ብዛት ያሰሉት እነ ቨርነር ኩን በ1930ዎቹ ነው። ፖል ፍሎሪና ጆን ሬነር በ1943 ያንኑ ሐሳብ ላበጠ ጄል አደረሱት። ፍሎሪ በ1974 ኖቤል ሲያገኝ የሸለሙት በአጠቃላይ የፖሊመር ሥራው ነው። የ12ኛው ብቸኛ ጉድለት አንቀጽ የሚባል ነገር አለማወቁ ነው። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነው የጻፈው።

ቁጥር የመጣው በ13ኛው ነው። ጸሐፊው አምስት ኪሎ ያለ የምህንድስና ተማሪ ነው። ጄሉ ቶሎ ከተሳበ ይዘቱ (ቮልዩሙ) አይለወጥም። ርዝመቱ 4 እጥፍ ሲሆን ወርዱና ውፍረቱ እያንዳንዳቸው በግማሽ ይቀንሳሉ። መረቡም ልክ እንደ ጄሉ ቢለጠጥ፣ 10 ናኖሜትር (አንዱ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) የነበረ ቀዳዳ በርዝመቱ 40፣ በጎኑ 5 ናኖሜትር ይሆናል። የውሃ ሞለኪውል 0.3 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ 10ም ሆነ 5 ጉዳዩ አይደለም። አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን ግን ስፋቱ 7 ናኖሜትር ያህል ነው። በ10 ያልፋል፤ በ5 ይቸገራል። ስለዚህ ውሃው መለጠጡን ሳያውቅ ያልፋል፤ ፕሮቲኑ በርዝመቱ መንገድ ሲከፈትለት በጎኑ ይዘጋበታል። የጠያቂዋ ግምት ግማሹ እዚህ ላይ ፈረሰ። መጥበቡ እውነት ነው፤ ግን የሚመለከተው የጎኑን አቅጣጫና ትልልቅ ሞለኪውሎችን ብቻ ነው።

ብዙ ሰው አጨበጨበ። 14ኛው አላጨበጨበም። ጨዋ ሰው ነው፤ ሂሳቡን አመስግኖ ነው የጀመረው። ሆኖም 13ኛው እያንዳንዱ ቋጠሮ ከጄሉ ቅርጽ ጋር እኩል ይሄዳል ብሎ እንደገመተ ጠቆመ። ቋጠሮ የተቸነከረ ነገር አይደለም፤ እሱም ይንቀጠቀጣል። ሂዩበርት ጄምስና ዩጂን ጉት በ1943 ቋጠሮዎቹን ነጻ ትተው ሲያሰሉ መረቡ ለስለስ ብሎ ተገኘ። ከአንድ ቋጠሮ 4 ሰንሰለት የሚወጣ ከሆነ ጥንካሬው በመጀመሪያው ግምት ከሚወጣው ግማሽ ብቻ ነው። እውነተኛው ጄል በሁለቱ መሃል የሆነ ቦታ ይውላል። ከአንድ ቋጠሮ ስንት ክንድ እንደሚወጣ ሳይነገር የመለጠጥ ጥያቄ እንደማይመለስ ገልጾ ጨረሰ። 13ኛው ተቀበለ፤ ቁጥሩን ለመነሻ ያህል እንጂ ለመሃላ እንዳልጻፈው ተናገረ።

ከዚያ ነገሩ ተበተነ። 15ኛዋ የአራስ እናት ናት፤ የዳይፐር ዋጋ አማረረች። መነሻዋ አለው፤ ዳይፐር ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት ሶዲየም ፖሊአክሪሌት ነው፣ የጠያቂዋ ጄል የአክስት ልጅ ማለት ነው። ንጹሕ ውሃ ከክብደቱ መቶዎች እጥፍ ይጠጣል፤ ጨው ሲነካው ግን አቅሙ በጣም ይወርዳል። ሽንት ጨው ስላለው ማሸጊያው ላይ በሚጻፈው መደነቅ አያስፈልግም። 16ኛው ኮንታክት ሌንስ አነሳ። ቼኩ ኦቶ ቪችተርሌ ከባልደረባው ድራሆስላቭ ሊም ጋር ለስላሳውን ጄል በ1960 አሳትሞ፣ በ1961 ገና ሰሞን ሌንስ ማውጫ ማሽኑን ቤቱ ውስጥ ከልጆች መገጣጠሚያ መጫወቻና ከብስክሌት ዲናሞ ሠራው። ይሄን ታሪክ ባነበብኩት ቁጥር እስቃለሁ። 17ኛው ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ወዲህ የለመደው ጎሚስታ የት እንደገባ ጠየቀ። 18ኛው አቅጣጫ ነገረው። ስለ በረባሶም ትንሽ ተወራ።

ክሩን ወደ መስመር የመለሰችው 19ኛዋ ናት። ቤተ ሙከራ ውስጥ ቴክኒሺያን ሆና ብዙ ዓመት ሠርታለች፤ የት እንደሆነ አልጻፈችም። ስለ ቀመር አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ጄሉን በእጇ ስለምታውቀው ብቻ ጻፈች። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ሰጠች። ያልተሠራው የአክሪላማይድ ዱቄት ነርቭ ይመርዛል፤ ጓንት ግዴታ ነው፣ ብናኙም መተንፈስ የለበትም። ሁለተኛ፣ ድብልቁ ውስጥ ኦክሲጅን ከቀረ ሰንሰለቱ እያደገ መሃል ላይ ይቆማል፤ ጄሉ ውሃ ያዘለ ቅራሪ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ጄል በብረት መቆንጠጫ ሲያዝ ወይ ይጨፈለቃል ወይ ሙልጭ ብሎ ያመልጣል። እሷ የምታደርገው ጫፉን በሱፐር ግሉ ብርጭቆ ወረቀት ላይ ማጣበቅና መቆንጠጫውን በወረቀቱ ላይ ማሰር ነው። አራተኛ፣ በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ነው። ቀጭን ጄል ገበታ ላይ ሲቆይ ውሃው ይሄዳል፤ ሰው ግን የመለጠጥ ውጤት እያየ ይመስለዋል። ዘይት መቀባት ወይም እርጥበት ያለው ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ነጥቧ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ጄል በዘፈቀደ ነው የሚቋጠረው። አንዱ ሰንሰለት በሁለት ቋጠሮ መሃል አጭር ነው፣ ሌላው ረጅም። አንዳንዱ ተመልሶ ራሱ ላይ ይቋጠርና ቀለበት ይሆናል፤ አንዳንዱ አንድ ጫፉ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጄሉ ሲሳብ መጀመሪያ የሚወጠሩት አጫጭሮቹ ናቸው። ረጃጅሞቹ ገና አልነቁም። ቀለበቶቹና ተንጠልጣዮቹ ሸክም አይሸከሙም፤ ጄሉ ተሳበ አልተሳበ እንደ ልባቸው ይንቀጠቀጣሉ። ስለዚህ ሰንሰለቶቹ ፈጠኑ ወይስ ዘገዩ ብሎ በጅምላ መጠየቅ አይሠራም። በአንድ ጄል ውስጥ ሁሉም ዓይነት አለ።

20ኛው ይህን ከኒውትሮን ሙከራ ጋር አገናኘው። በዘፈቀደ የተቋጠረ ጄል ጥቅጥቅ ያለና ሳሳ ያለ ሠፈር አለው። ሲሳብ ሳሳው ብዙ ይለጠጣል፤ ጥቅጥቁ እምብዛም። ሳይሳብ ተደብቆ የነበረው ልዩነት ተስቦ ይወጣል። ኒውትሮን ሲተኮስበትም ተበትኖ የሚሠራው ምስል የቢራቢሮ ክንፍ ቅርጽ ይይዛል፤ በሙያው የሚጠራውም በዚሁ ነው። አማካይ የቀዳዳ ስፋት እያሉ ማስላት እዚህ ላይ ብዙ አያስኬድም። 13ኛው ዝም አለ። ዝምታውን ወድጄለታለሁ።

21ኛዋ ተቃራኒውን መረብ አመጣች። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲው ታካማሳ ሳካይና ባልደረቦቹ በ2008 ያሳተሙት ጄል አለ። እያንዳንዳቸው 4 እኩል ክንድ ያላቸው ሁለት ዓይነት ሞለኪውሎች ይወሰዳሉ፤ አንዱ ዓይነት ከራሱ ጋር አይያያዝም፣ ከሌላው ጋር ብቻ ነው። ክንዱ እኩል ስለሆነ በቋጠሮዎች መሃል ያለው ርዝመትም እኩል ይሆናል። ቀለበትና ተንጠልጣይም ይቀንሳል። ሲሳብ ሰንሰለቶቹ ሸክሙን ይካፈላሉ። ከዚያ ደግሞ ቋጠሮው ራሱ የሚንሸራተትበትን ጨመረች። ያሱሺ ኦኩሙራና ኮዞ ኢቶ በ2001 የሠሩት ነው። ሁለት የሳይክሎዴክስትሪን (ከስኳር የተሠራ ሞለኪውል) ቀለበቶች ተጣምረው ቋጠሮ ይሆናሉ፤ በቀለበቶቹ ውስጥ ሰንሰለቶች ያልፋሉ። ጄሉ ሲሳብ ቋጠሮው ይንሸራተትና ውጥረቱን ያካፍላል። የኢቶ ቡድን በ2021 ባወጣው ሥራ እንዲህ ያለ ጄል በኃይል ሲሳብ ሰንሰለቶቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው ክሪስታል ይሠራሉ፤ ሲለቀቅ ክሪስታሉ ይጠፋል። እዚህ ጋ የሞለኪውሉ እንቅስቃሴ በእርግጥ ይታሰራል፤ ግን የተሰለፈው ክፍል ብቻ፣ ያውም እስኪለቀቅ ድረስ።

ሦስት ጄል፣ ሦስት መልስ። ክሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። 22ኛው ግን ገባ። ሰው የታክሲ ሰልፍ ላይ በሚያድርበት አገር ስለ ቶኪዮ ጄል ማውራት ቅንጦት ነው አለ። 23ኛው የሰጠው ምላሽ አሁን የለም፤ አስተዳዳሪው አጥፍቶታል። ማጥፋቱ ደግ ነው። አይቼው ነበር፤ እናት ነክቷል። 24ኛዋ ያቺው ባለ ፀጉር ቤት ናት። ለ22ኛው ሙከራዋ የፈጀው አንድ ላስቲክና ትንሽ ሊፕስቲክ መሆኑን አስታወሰችው። ሰውዬው ለሷ ለስለስ ብሎ መለሰ፤ ቅሬታው ከመሣሪያ እጦት እንጂ ከትምህርቱ እንዳልሆነ አስረዳ። እሱም ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ኖሯል።

25ኛው ሞለኪውል እንዴት እንደተንቀሳቀሰ ከውጭ ሆኖ ማን ያየዋል ብሎ ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነው። 26ኛው ስለ ኤንኤምአር ጻፈ፤ በማግኔት ሜዳ ውስጥ የአቶም እምብርቶችን ምልክት የሚያነብ መሣሪያ ነው። ውሃው በከባድ ውሃ ይተካል፤ ሃይድሮጅኑ ዲዩቴሪየም በሚባለው ከባዱ ሃይድሮጅን ይተካል ማለት ነው። ልቅ ውሃ ውስጥ ሞለኪውሉ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚሽከረከር መሣሪያው አንድ መስመር ብቻ ያሳያል። በተለጠጠ መረብ ውስጥ ሽክርክሩ ፍጥነቱን አያጣም፤ ግን ወደ መሳቢያው አቅጣጫ ኢምንት ያህል ያደላል። ያቺ ኢምንት መስመሩን ለሁለት ትሰነጥቀዋለች። በርናርድ ዴሎሽና ኤድዋርድ ሳሙልስኪ በተለጠጠ ጎማ ውስጥ ባሉ ትንንሽ ሞለኪውሎች ላይ ይህን በ1981 አሳይተዋል። የስንጥቁ ስፋት የሚያድገው የመለጠጡ ካሬ ሲቀነስ የመለጠጡ ግልባጭ በሚለው መጠን ነው። 2 እጥፍ ሲለጠጥ 3.5፣ 4 እጥፍ ሲለጠጥ 15.75 ይሆናል፤ ሰንሰለቱ እስከ መጨረሻው ሊወጠር እስካልተቃረበ ድረስ። ሰንሰለቱ ራሱ ላይ ዲዩቴሪየም ከተተከለም የተንጠለጠለው ጫፍና የተወጠረው ሰንሰለት ለየብቻ ይታያሉ። የ19ኛዋ ንግግር በመሣሪያ የሚረጋገጠው በዚህ መንገድ ነው።

27ኛው ሁላችንንም ወደ ኋላ የመለሰ መልስ ነው። እስካሁን የተባለው ሁሉ ጄሉ ቶሎ ተስቦ፣ ቶሎ ታይቶ ነው። ጄሉ ተወጥሮ ውሃ ውስጥ ከቆየስ? በአንድ አቅጣጫ የተሳበ ጄል ተጨማሪ ውሃ ይጠጣል። ይህ ከእነ ፍሎሪ ቀመር ቀጥታ የሚወጣ ነው። ጠብቦ የነበረው ጎን ቀስ በቀስ መልሶ ይሰፋል። የሚፈጀው ጊዜ በውፍረቱ ካሬ ነው፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው 4 እጥፍ። ቶዮይቺ ታናካና ዴቪድ ፊልሞር በ1979 ያሰሉት ነው። ስለዚህ ፕሮቲኑ ጠዋት ተቸግሮ ያለፈበት መንገድ ማታ ሊከፈትለት ይችላል። ጸሐፊው ይህን ያህል ሰው ተከራክሮ ጄሉ ውሃ ውስጥ ይሁን አየር ላይ የጠየቀ አለመኖሩ እንደገረመው ጽፏል። ትንሽ ይኮራል፤ ኮራ ማለት ግን ይገባዋል።

28ኛው 5ኛው ነው፤ ያ ከረር ባዩ። በዚህኛው ግን ሰከን ብሏል። በጣም የተወጠረ ሰንሰለት ላይ ሁለት ነገር አብሮ ይከሰታል። የሚወዛወዝበት ስፋት ይቀንሳል። ሲነካ ወደ ቦታው የሚመለስበት ፍጥነት ግን ይጨምራል፣ ምክንያቱም ውጥረቱ ቶሎ ይመልሰዋል። ስፋትን የሚለካ ሰው እንቅስቃሴው ቀነሰ ይላል፤ ጊዜን የሚለካ ሰው ፈጠነ ይላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ያልተቋጠሩ ግን እርስ በርስ የተጠላለፉ ሰንሰለቶችንም አልረሳም። ፒየር ዥል ደ ዥን በ1971 ያሳየው፣ ሰንሰለት በጥልፍልፍ መሃል በርዝመቱ እየተሳበ እንደሚወጣ ነው፤ ኖቤሉን በ1991 አግኝቷል። ቋጠሮ ባለው መረብ ውስጥ ጥልፍልፉ መውጫ የለውም፤ ግን ይንሸራተታል። ዢጋንግ ሱዎና ባልደረቦቹ በ2021 ጥልፍልፉ ከቋጠሮው እጅግ የሚበዛ ጄል ሠርተው፣ ጠንካራም በቀላሉ የማይቀደድም አድርገውታል። 5ኛው በመጨረሻ የነጠላዋን ሴት በስሟ ጠርቶ፣ ጥልፍልፍን ለማስረዳት ምሳሌዋ እንደሚያገለግል ጻፈ። ይቅርታ አላለም። እሷም አልጠየቀችውም።

ጠያቂዋ የተመለሰችው በ29ኛው ነው። ጥያቄዋን ቀይራ መጣች። አሁን የምትጠይቀው አንድ የተወሰነ ፕሮቲን፣ በዘፈቀደ በተቋጠረ ፖሊአክሪላማይድ ውስጥ፣ ጄሉ በዘይት ተሸፍኖ ይዘቱ ሳይለወጥ፣ በርዝመትና በጎን አቅጣጫ ምን ያህል ተለያይቶ እንደሚጓዝ ነው። አንድ የቀለም ጠብታ መሃል ላይ አድርጋ፣ እየሰፋ ሲሄድ በስልክ ካሜራ እያነሳች፣ ክብ ሆኖ ይቀራል ወይስ ይሞላለላል የሚለውን በማስመሪያ ልትለካ አስባለች።

30ኛዋ ቴክኒሺያኗ ናት። ተራ የምግብ ቀለም ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ ክብ ሆኖ እንደሚቀር፣ ብሉ ዴክስትራን የሚባለው ሰማያዊ ቀለም ደግሞ በጣም ግዙፍ ስለሆነ ከነጭራሹ እንደማይንቀሳቀስ አስጠነቀቀች። መሃለኛውን መረጠችላት። ሄሞግሎቢን ስፋቱ 5 ናኖሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ከሁሉም በላይ ራሱ ቀይ ስለሆነ ቀለም መጨመር አያስፈልግም። ጄሉ ግን ሳሳ ብሎ መሠራት አለበት፤ ከጠነከረ ሄሞግሎቢኑም ይታሰራል። የተሳበውን ጄል ወጥሮ የሚይዝ ፍሬም ማስታወቂያ የሚሠሩ ቤቶች ከአክሪሊክ ቆርጠው እንደሚሰጡ ነገረቻት፤ ቀዳዳውን አስቀድማ ስላ እንድትሄድ መከረቻት።

31ኛው 22ኛው ነው፤ ያ ኬሚስትሪ የተማረው ቅሬታ አቅራቢ። ሳይሳብ የቀረ ጄል ላይም ያንኑ ጠብታ እንድታደርግ አሳሰባት። በሁለት መስታወት መሃል የተሠራ ጄል ሳይነካም አንድ አቅጣጫ ላይ ሊያደላ ስለሚችል፣ ያልተሳበው ላይ ክብ ካልወጣ የተሳበው ላይ የሚታየው ሙልል ምንም አያረጋግጥም። ጠያቂዋ መልሱን በአውራ ጣት ምልክት አጸደቀችው።